ከአራት እስከ አራት

ሐሙስ

ናቲ ጡጦውን ዛሬም ተፋው። ስምንት ወሩ ነው፣ ከእናቱ ጡት ሌላ አላውቅም ብሏል። ባለቤቴ ትግስት ደግሞ ነገ ሳኦ ፓውሎ፣ ብራዚል ትበራለች። ከወለደች ወዲህ የመጀመሪያ ውድድሯ ነው፤ እሁድ፣ አስር ኪሎ ሜትር። «ካልጠጣ አልሄድም» ትላለች።

ትኬቱን አነበብኩላት። መነሻ 10:00፣ መድረሻ 16:00። «ስድስት ሰዓት ምን አላት? ከለቡ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ በይው። አስር ሰዓት ላይ ደርሰሽ ትደውያለሽ።» ሳቀች። የእጅ ሰዓቴን አሰርኩላት፤ ስትደርስ በዚያ አገር ሰዓት ታስተካክለዋለች።

ዓርብ

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እያመነታችም ቢሆን በረረች። ናቲ ውሃና ገንፎ በማንኪያ ቀመሰ እንጂ ወተት በጄ አላለም።

አስር ሰዓት ሆነ፣ ስልክ የለም። አስራ አንድ። ስልኳ ዝግ ነው። አስራ ሁለትም ሞላ። ልጁን ሊይዙልን ከሆሳዕና የመጡት አማቴ እማማ አስቴር ምንም ሳልነግራቸው ገባቸው መሰለኝ፣ ተንበርክከው ይጸልያሉ። አሰልጣኟ ጋ ደወልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ትኬት ላይ ያለው መድረሻ የዚያ አገር ሰዓት ነው። በረራው አስራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ገና ውቅያኖስ ላይ ናት።» መንገዱ አስር ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው አለኝ።

ቁጭ አልኩ። እሷ የምትሮጠውን ሺህ ጊዜ ማለት ነው። እኔ ከሸኘኋት ወዲህ ጎፋ ሄጄ ዳይፐር ገዛሁ፣ ልብስ አጠብኩ፣ ናቲን ሁለቴ አስተኛሁ፣ ፀሐይም ጠለቀች። እሷ እዚያው ወንበር ላይ ናት። ወደ ምዕራብ ስለምትበር ለእሷ ገና አልመሸም፤ እኛን ጥላን የሄደችውን ፀሐይ እየተከተለቻት ነው። ጌታዬ፣ ምድርህ ይህን ያህል ሰፊ ናት?

ማታ አራት ሰዓት ላይ ደወለች። «ሰዓትህን ላስተካክል ብዬ ሳየው አራት ይላል። የኤርፖርቱም አራት ይላል። ምንም አልነካሁትም።» እዚያ ገና ቀን ነው፣ እዚህ ሌሊት፣ ቁጥሩ ግን አንድ። የአገሮቹ ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው፣ የሀበሻ አቆጣጠርም ከፈረንጁ የሚለየው በስድስት ሰዓት ስለሆነ ገጠመ። ከአራት ተነስታ አራት ደረሰች።

«ጠጣ?»

«አልጠጣም» አልኳት። «ነገም እምቢ ካለ እመለሳለሁ» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ እምቢ። ሲመሽ አማቴ፣ «የልምምድ ቱታዋን ልበስ፣ ያልታጠበውን» አሉኝ። እጅጌው ክርኔን አላለፈም። ጎረቤት እንዳያየኝ መጋረጃውን ዘጋሁ። ናቲ ደረቴ ላይ አፍንጫውን ቀበረ፣ ትንሽ አሸተተ፣ ጡጦውን ጎረሰ። እስከ መጨረሻው ጠጣው። እማማ «ሃሌሉያ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አንድ ሰዓት።

ልደውል ስል ቀደመችኝ። «ምሳ ላይ ነበርን። ልክ አንድ ሰዓት ሲል ወተቴ መጣና ቲሸርቴ ራሰ። ልጄ እያለቀሰ ነው?»

«እየጠጣ ነበር። ልክ አንድ ሰዓት ላይ።»

አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ የሚበረውን መንገድ ይህ ነገር በምን እንዳለፈው አላውቅም። አለቀስኩ፣ አላፍርም።

እሁድ

ስምንት ሰዓት። እዚያ ጠዋት ነው፣ እዚህ ከምሳ በኋላ። አሁን መሮጥ ጀምራለች። ስንተኛ እንደምትወጣ አላውቅም፣ እግሯም ከበረራው አብጦ ሳትነግረኝ ቀርታ ይሆናል። እኔ አሁንም ቱታዋን እንደለበስኩ ነኝ።

ናቲ ጠጥቶ ተኝቷል። እንግዲህ ትሩጥ።