የሰይድን እግር ያጠብኩ ዕለት

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ጠዋት 2፡30

የሥራ ልብሴን ዘፍዝፌያለሁ። ዛሬም ቤት ነኝ። ሰይድ ከፎቅ ሥራ ላይ ከወደቀ አራተኛ ቀኑ። ሁለቱም እጆቹ ተሰብረው በጨርቅ ታስረዋል፣ ቀኝ ዳሌው አብጧል። ታውቂዋለሽ ደብተሬ፤ ስንት ጊዜ ላንቺ ያማረርኩበት የወሎው ልጅ ነው። የማርያምን ሥዕል ከግድግዳው አውርድ፣ ፍተሻ ከመጣ ሁለታችንንም ታስይዘናለህ ብሎኝ የተኳረፍነው። አወረድኩ፣ ሳጥን ላይ አቆምኳት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር፣ በአንድ ክፍል፣ ሰላምታ የለም።

አሁን በማንኪያ የማጎርሰው እኔ። ቀና ብሎ አያየኝም። እኔም አላየውም። ሌላ ማን አለው በዚህ የዐረብ አገር፣ በዚህ ጉበይራ ሰፈር? ኸላስ፣ በቃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26። ቀን 7 ሰዓት

ወጌሻው መጣ፣ የአገራችን ሰው። እጆቹ ይድናሉ አለ። ዳሌው ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ሐኪም ይየው ብሎ ሄደ። ሰይድ እንቢ አለ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። ከሆስፒታል እስር ቤት፣ ከእስር ቤት አገር ቤት። የሚፈራው ይህንን ነው። እኔም የለኝም፣ እኔም እፈራለሁ።

እህል አልወርድ ብሎታል። ዶሮ ገዛሁለት። ሳቂብኝ። የነቢያት ጾም ላይ ነኝ። ከጾሙም ውጪ የዚህን አገር ሥጋ ቀምሼ አላውቅም፣ በሙስሊም የታረደ ነው ብዬ። ዛሬ በገዛ እጄ ገነጣጠልኩ፣ አጠብኩ፣ ቀቀልኩ። ጨዉን መቅመስ አልቻልኩም። በዛብህ ወይ? ስል ጠየቅሁት። አልበዛም አለ። ከተኳረፍን ወዲህ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1። 10 ሰዓት



የአስር ሰላት አዛን ሲሰማ ሰይድ አለቀሰ። ከወደቀ ጀምሮ ሳይታጠብ ነው የሚሰግደው። እኔን መጠየቅ አፍሮ ኖሯል።

«ወንድሜ፣ ነውር ካልሆነብህ ለዉዱእ ውሃ ታፈስልኛለህ?»

ውሃ አሞቅሁ። ፊቱን አጠብኩለት። ከዚያ ሳፋው ፊት ተንበርክኬ እግሩን ያዝኩ። ሲሚንቶ የበላው ተረከዝ፣ ልክ እንደ እኔው። በጣቶቹ መካከል እንዴት እንደሚታጠብ በቀስታ ነገረኝ። ጎንበስ እንዳልኩ ጌታ ትዝ አለኝ፤ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ። የጴጥሮስን እግር። የይሁዳንም። በየጸሎተ ሐሙሱ ስሰማው ኖሬ፣ ዛሬ ገና ገባኝ። ጠባቧ ክፍላችን ቤተ መቅደስ ሆነችብኝ። መተንፈስ ፈራሁ።

ተኝቶ ሰገደ። ሲጨርስ በአማርኛ ዱዓ አደረገ።

«ያ አላህ፣ ለታደሰ የእናቱን ዓይን አብራለት።»

የእናቴን ዓይን መታመም ነግሬው አላውቅም። በኩርፊያችን ወራት በስልክ ሳወራት እየሰማ በልቡ ይዞት ኖሯል። ምን ያህል ጊዜ ጸልዮላት ይሆን? እኔ ስሙን እንኳ አልጠራም ነበር። አቤቱ ጌታዬ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3። ጠዋት 1 ሰዓት

ትኩሳቱ አልበረደም። ዳሌው ቀልቶ ያቃጥላል። ከእንግዲህ መጠበቅ መግደል ነው። ሆስፒታል እንደምንሄድ ነገርኩት። በሩ ላይ ጥለኸኝ ተመለስ፣ አንተ አትያዝ አለ። ተሸክሜህ ነው የምገባው አልኩት፤ ሐኪም እስኪረከብህ አልለይህም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ፍርሃቴ አልሄደም። እዚሁ አብሮኝ ተቀምጧል። ግን እግሬን ማሰር አቅቶታል፣ ይገርመኛል። ታክሲው ደረሰ። ደብተሬ፣ አንቺን ትራሴ ሥር እተውሻለሁ። ቢይዙኝም አልቆጭም። ሰይድ ቢስሚላህ ብሏል፣ እኔም አማትቤያለሁ፣ አሁን ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ያላ፣ እንሂድ።