ገጹ ይገለጣል፣ ንባቡ አንድ ነው

ለእህቴ ልጅ፣

ምሳሽ ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ። ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ጠበቅ አድርጊው። እኔ ከስፌት ቤቱ የምመለሰው አመሻሽ ላይ ነው።

ትናንት አብራሽ የምትማረው ልጅ መጥታ ነበር።
«እትዬ፣ ተሻላት?» አለችኝ።
«ከምን?» አልኳት።
«ታማ አይደል እንዴ የቀረችው? የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራችን ስሟን ሲጠራ አቤት የሚል የለም» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።
«ተሽሏታል» ብዬ ሸኘኋት። ለአንቺ ስል ዋሸሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እኔ ግን መጠርጠር የጀመርኩት ትናንት አይደለም። ለትምህርትሽ የያዝሽውን የፈረንሳይኛ ልቦለድ ማታ ማታ ጮክ ብለሽ ስታነቢልኝ ቋንቋውን ባልችልም ዜማውን ለምጄዋለሁ። ሰሞኑን ገጹን ትገልጫለሽ እንጂ የምታነቢው ያንኑ በቃልሽ የያዝሽውን ነው። ትንፋሽ የምትወስጂበት ቦታ እንኳ አልተለወጠም። «አክስቴ ምኑን ታውቀዋለች» ብለሽ ይሆናል። ጆሮዬ አልተማረም እንጂ አልደነቆረም።

ቦርሳሽን አንግተሽ እየወጣሽ የት እንደምትውዪ አላውቅም።
ለእናትሽ እስካሁን አልነገርኩም።

ምናልባት እኔም አብዝቼብሽ ይሆናል። ደክሞሽ ስትገቢ «አንድ ገጽ ብቻ» እያልኩ የማስነብብሽ ለፈተናሽ ብዬ ብቻ አልነበረም። ደስ ይለኝ ነበር። ትምህርቱ ከብዶሽ ከሆነ፣ ወይም ጠልተሽው ከሆነ፣ እኔን ለማስደሰት ብለሽ አትድከሚ።

ዛሬ መጽሐፉን አታውጪው።
የሆንሽውን በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ።
እስክትጨርሺ አላቋርጥሽም።

አክስትሽ