ከአባባ የወረስነው

ውድ ወንድሜ ታረቀኝ፣ እንደምን ከርመሃል? የጂንካ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ? ለወጉ ያህል አይደለም የምጠይቅህ፤ የምሬን ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ስልኩ አልሠራ ስላለን ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለሚሄድ መምህር ሰጥቼ ልኬልሃለሁ።

አባባ ኅዳር ላይ ጤፍ ሲያጭዱ ወደቁ። ምች መስሎን ዳማከሴ አሸተትናቸው። አፋቸው ሲጣመም ግን በቃሬዛ እስከ መንገዱ ተሸክመን፣ በመኪና ደብረ ማርቆስ አደረስናቸው። በደም ግፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሷል ተባለ። ስኳርም ተገኘባቸው። ግራ ጎናቸው እስካሁን አልነቃም።

ሐኪሙ በቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ ወይ አለኝ። አያታችን አውድማ ላይ ድንገት ተዘርረው መሞታቸውን፣ የአክስታችን እግር በስኳር መቆረጡን ነገርኩት። «በዘር የወረሳችሁት ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ ሊኖር ይችላል» አለ። «አንድ ዘረመል ብቻ አይደለም። ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች ሲደራረቡ አንዱን ሰው ጨው ቶሎ ይጎዳዋል፤ ሰውነቱም ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል። ሌላው ያንኑ በልቶ ደህና ነው።» ከዚያ የእኔን ደም ግፊት ለካ፤ መቶ ሰባ በመቶ አምስት። ደግሞ ለካ፤ ያው ነው። ስኳሬም ከፍ ብሏል። እኔ፣ ነፋስ ይወስድሻል የምትለኝ!

ጨው ቀንሻለሁ። መድኃኒቱ ግን አንዳንዴ ይጠፋል፤ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

አባባ ይህን ሲሰሙ በተሳሰረ አንደበታቸው «መሬቱ ለአምስት ልጅ አይበቃም ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ ይሄንን ሳልሰስት አድያችኋለሁ» አሉኝ። ጥፋት የለብዎትም ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በደል ቢሆን ይቅር እላቸው ነበር። በደል ያልሆነን ነገር ሰው እንዴት ይቅር ይላል?

ልጄን ሂዊን ሰው ሁሉ «ቁርጥ አያቷን» ይላታል። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ወሬውን እቀይራለሁ።

ወንድም ዓለም፣ እባክህ ተለካ። ሐኪሙ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፣ የወረሰ ሁሉ አይታመምም ብሏል። ከዚህ ሌላ የማደርግልህ አጣሁ።

ለባለቤትህ ለእስከዳር ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ልጆቹን ዓይናቸውን ሳሚልኝ በላት። እማዬ በጸሎቷ አልረሳችህም። ወንድማችን አንተነህ አጨዳውን ብቻውን ጨርሶ እጁን ቢያመውም ሰላም ብሎሃል። አባባም ሰላም ሊሉህ ስምህን ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ አልወጣላቸውም። እኔ ጻፍኩልህ።

እህትህ ማሬ
አምበር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.