ሩባ የተባለችው ሎሚ

ልጄ ሩባ፣ የሄድሽበት አገር እንደ እናት አቅፎ ይያዝሽ፤ ብርዱን ከአጥንትሽ ያርቅልሽ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ እሱ ግን አሁንም ኦምዱርማን ገበያ ካልሄድኩ ይላል። ባለፈው ሳምንት ሀቡብ፣ ያ የአሸዋ ነፋስ፣ ተነስቶ አልጋሽን አቧራ አለበሰው። አንሶላውን አጥቤ መልሼ አነጠፍኩት።

ጎረቤታችን ሐይደር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ያንን ቆሻሻ የሚጣልበትን ባዶ ቦታ የአትክልት ስፍራ አደረገው። ጁምዓ ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ለሰፈሩ ሰው ተከላ ያስተምራሉ፤ በነፃ ነው። ችግኝ ሲያድሉን ስም አውጡላቸው አሉ። የኔ ሎሚ ሩባ ተባለች። አሁን ያገኘኝ ሁሉ "ሩባ እንዴት ናት?" ይለኛል። ስምሽን ሰው ሲጠራው ደስ ይለኛል።

ታዲያ ቅጠሏ ቢጫ ሆነብኝ። ሐይደር አፈሩን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ "ኻልቲ ወርቅውሃ፣ በቀን ስንቴ ነው የምታጠጫት?" አለኝ። ምን ልበለው? በናፈቅሽኝ ቁጥር የውሃ ማንቆርቆሪያውን ኢብሪቅ ይዤ እወርዳለሁ።

"ኸላስ፣ ተያት! ውሃ ከበዛባት ሥሯ ይበሰብሳል። ትንሽ ትጠማና ራሷ ወደ ታች ትፈልግ" ብሎ በሰው ፊት አስተማረብኝ። ተናደድኩ። ግን ሰማሁት፤ ይኸው አዲስ ቅጠል አውጥታለች።

ላንቺም በየቀኑ መደወል የተውኩት ለዚህ ነው፤ ተቀይማኝ ነው እንዳትዪ። በሄድሽበት ሥር ስደጂ፣ ለምልሚልኝ። ብቻ አንቺ፣ አፈር ስሆን፣ በፈለግሽው ሰዓት ደውዪልኝ። እኔ ያረጀሁ ዛፍ ነኝ፤ ውሃ በዛብኝ አልልም።

እናትሽ