ፊቴን አይተው የሰሙት አልበም

ውድ እህቴ፣ የእናቴ ልጅ፣

ይህን በእጄ የምጽፍልሽ ጥንታዊ ሰው ለመምሰል አይደለም። ስልክሽን ዘግተሽብኛል፤ መዝጋትሽም አይፈረድብሽም። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ወደ አንቺ ከተማ የሚመላለሰው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «መልስ አምጣልኝ» አላልኩትም፤ «እጇ ላይ መድረሱን ብቻ እይ» ነው ያልኩት። ሳታነቢው ቀደሽ ብትጥዪውም መድረስ መድረስ ነው።

በሥርዓት ልጀምር። የክሱ ቃል እንዲህ ይላል፦ ወንድምየው የገዛ እህቱን አልበም አዳምጦ፣ በሰው ፊት «ገና ነው» ብሏል። «ብሏል» የሚለው እውነት ነው። «አዳምጦ» የሚለው ውሸት ነው። አልሰማሁትም፣ ሚጣዬ። መስማት አልችልም። ደንቁሬያለሁ።

ቃሉ ሲጻፍ እንኳ ስድብ እንጂ የጤና ነገር አይመስልም፤ ግን ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። የማተሚያ ቤቱን ትልቁን ማሽን ታውቂዋለሽ፤ ምሳ ይዘሽልኝ ስትመጪ ጆሮሽን በሁለት እጅሽ ይዘሽ በሩ ላይ የምትቆሚበትን። እኔ እዚያው አጠገቡ ጎለመስኩ፣ እዚያው ሸበትኩ። የጆሮ መከላከያ አልተሰጣቸውም እንዳይባል ተሰጥቶናል። የመጣው ጆሮዬ ከሄደ በኋላ ነው። ኃላፊው ረጅም ንግግር አድርጎ አከፋፈለን፤ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅኩ።

አካሄዱ ደግሞ ጨዋ ነበር። መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ሄደ፦ የወፉ፣ የስልኩ፣ የሴቱ። ያንቺ ድምፅ በየትኛው ቀን እንደሄደ አላውቅም። ሲሄድ አልተሰናበተኝም።

እሑድ ከሰዓት በፀጉር አስተካካዩ የጓሮ ክፍል የምንሰበሰበው ማኅበር አልፈረሰም። ሕጉን ያወጣሁት አንቺ እዚያ ወለል ላይ ተንጋለሽ፣ እግርሽን ግድግዳው ላይ ሰቅለሽ ነበር። እያንዳንዱ በሳምንቱ የሚያዳምጠውን አልበም ይናገራል። ዘፈን መዝለል የለም። «ደስ ይላል» ብሎ መገላገል የለም። አልበም ሲጫወት ትንፍሽ የለም፤ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው እንደ ፈተና ክፍል ጸጥ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ አሁንም ማንም የማያውቃቸውን ዘፋኞች ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሌላ ሰው የሰማቸው ዕለት እንደ ከረመ ዳቦ ይሻግቱበታል። ሒሳብ ሹሙም ከዚያች ከድሮዋ አልበሙ ንቅንቅ አላለም። «ዘንድሮ ምን እየሰማህ ነው?» ሲባል ያስባል፣ ኮርኒሱን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ያችኑ ይናገራል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ የመለያየት አልበም ካልሆነ ጆሮዋን አትሰጥም። «እነዚህ ከኔ ይሻላሉ፤ ሲያለቅሱ ጊታር ያጅባቸዋል» ትላለች።

እኔ ደግሞ ዳኛው ነኝ። ስሙን አንቺው ነሽ ያወጣሽልኝ።

አሁን ጉዱን ስሚ። ጆሮዬ እየጠፋ በሄደ ቁጥር ዝናዬ እየገነነ ሄደ። ሰው ስለ አልበሙ በኢንተርኔት ላይ የጻፈውን አነባለሁ፣ ከላዩ ትንሽ አዋዛበታለሁ፣ እሑድ ዕለት ዓይኔን ጨፈን አድርጌ «ባስ ጊታሩ ዓይን አፋር ነው» እላለሁ። «አራተኛው ዘፈን ላይ አንድ ሰው ሲተነፍስ ሰምታችኋል?» እላለሁ። ሁሉም ሰምተዋል! አንድ ጊዜ «የዚህ አልበም ትልቁ ነገር ጸጥታው ነው» ብል ፀጉር አስተካካዩ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከልቤ የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

ለምን አልተናገርክም ትዪኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ለማሽን የሚያጎርስ ሰው ከእሑድ ሌላ ምን አለው? በሳምንት አንድ ቀን ሰው ቃሌን ይጠብቃል። ያችን ካስረከብኩ የሚቀረው ማሽን አጉራሹ ነው።

እንዲህ ተከብሬ በምኖርበት ጊዜ ነው ሲዲሽ የመጣው። ሽፋኑ ላይ በራስሽ እጅ «ጋሼ፣ ከማንም በፊት አንተ ስማው። አንተ 'ውጪ' ካልከኝ ብቻ ነው መድረክ የምወጣው» ብለሽ ጽፈሽበታል። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ማንበቡን እችላለሁ።

በሬን ዘግቼ ከፈትኩት። ምንም። ድምፁን ጨመርኩ። ምንም። እስከ ጥግ ወሰድኩት። እጅህን ድምፅ ማጉያው ላይ ብታኖር ሙዚቃው በአጥንትህ ይገባል የሚሉ አሉ፤ አኖርኩ። ይንቀጠቀጣል። ማሽኑም ይንቀጠቀጣል። አጥንቴ እህቴን ከማሽኑ ለይቶ አላወቃትም። እዚያው እንደተደፋሁ በሩ ሲነቃነቅ አየሁ፤ ብከፍተው አከራዬ ናት፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ከንፈሯን አነበብኩ።

«አበድክ እንዴ ሰውዬ? የልጅ ልጄን ገና አሁን ማስተኛቴ ነው!»

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ዘፈኑ።»

«የምን ዘፈን! መስኮቱ ሊረግፍልህ ነው!»

ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶሻል ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ እንደ ዋዛ አይደለም።

ዘዴ ዘየድኩ። ነገር በዓይን ይገባል አይደል? ለማኅበሩ አጫውቼ ፊታቸውን አነባለሁ። የልብስ ሰፊዋ ዓይን እርጥብ ካለ ዜማው ልብ ይነካል። የሒሳብ ሹሙ ጣት ጉልበቱን ከመታ ምቱ ያስኬዳል። ፀጉር አስተካካዩ በቅናት ከንፈሩን ከነከሰ ደግሞ ነገሩ ከዚያም ያልፋል። ከዚያ በኋላ ስለ ትንፋሹም ስለ ባሱም ጨማምሬ እጽፍልሻለሁ ብዬ ነበር። ሰው ሲጠፋ እንዲህ በዘዴ ነው የሚጠፋው።

እሑድ ደረሰ። «የእህቴ አልበም ነው» አልኩና ከፈትኩት። እናም ማንበብ ጀመርኩ። ልብስ ሰፊዋ አፏን ገጥማ ታየኛለች። ሒሳብ ሹሙ እጁን አጣጥፎ ያየኛል። ፀጉር አስተካካዩ እንደ መታወቂያ ፎቶ ፍጥጥ ብሎ ያየኛል። አንድ ቅንድብ አልተነሳም፣ አንድ ጣት አልተነቃነቀም። ዘፈኑ ይለዋወጣል፤ የማጫወቻው ቁጥር ሲቀየር አያለሁ። ፊታቸው ግን ያው ነው። ስድስተኛው ላይ ላብ አጠመቀኝ። ሚጣዬ ወድቃለች፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ለእኔ አዝነው ዝም ብለዋል አልኩ በልቤ።

ማጫወቻው ቆመ። «እህ፣ ዳኛው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ክፉውን ከባዳ ከምትሰሚው ከኔ ይሁን ብዬ፣ ቃሉንም የቻልኩትን ያህል አለስልሼ፣ «ገና ነው» አልኩ።

«ገና ነው» አለ ሒሳብ ሹሙ።

«እኔም እሱን ልል አፌ ላይ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔ ኮቴን ሳልለብስ ፀጉር አስተካካዩ «የዳኛው ውሳኔ፦ ገና ነው» ብሎ የማኅበሩ ገጽ ላይ ለጥፎታል። አንቺ ገጹን እንደምታነቢ አላወቅኩም። የደወልሽ ጊዜ ግን አወቅኩ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው እንደወደቀ ጥንዚዛ ይሽከረከራል፣ ስምሽ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። አንስቼ ምን እላለሁ? «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብዬ ጻፍኩልሽ። ማሽን አጉራሽ የምን ስብሰባ አለው! «ገባኝ ጋሼ። ለመድረኩ የተከራየሁትን አዳራሽ መልሻለሁ። ከእንግዲህ በዘፈን አላስቸግርህም» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ዝግ ነው።

በሳምንቱ የሥራ ኮቴን ኪስ ለማሰፋት ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። አንገቷን ደፍታ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ታጉረመርማለች። በመርፌ የተያዘ ከንፈር ደግሞ አይነበብም።

«መርፌውን አውጪና ቀና ብለሽ ንገሪኝ» አልኳት።

አወጣችው። «ጨካኝ ነህ ነው የምለው።»

«ምን አደረግኩ?»

«ለገዛ እህትህ! እኔ ሁለተኛው ዘፈን ላይ እንባዬ መጥቶ ነበር። ቀና ስል ፊትህ ድንጋይ። ዋጥኩት።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹማ አንተን ነዋ የሚያዩት! አንተ ቅንድብህን ሳታነሳ በዚያ ቤት ማን ደስ ብሎት ያውቃል?»

ገባሽ? እነሱ እኔን፣ እኔ እነሱን። ሕይወትሽን ያፈሰስሽበት አልበም በአራት ሰው መሃል ከዳር እስከ ዳር አለፈ፣ ሁላችንም ፊት ስናነብ። የፈረደብሽ የኔ ፊት ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ተነስቼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ አፉን እንደ ጥርስ ሐኪም በሽተኛ በልቅጦ «ይ-ሰ-ማ-ሃል?» ይለኝ ጀመር። ሒሳብ ሹሙ ግን ሒሳቡን ቀጠለ።

«ታዲያ ያ ባሱ ዓይን አፋር ነው ያልከው?»

«ከኢንተርኔት።»

«እኔ እኮ እሱን አምኜ ነው ለሚስቴ ስጦታ የገዛሁላት!»

«ወደደችው?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ምን ትጮኻለህ?»

አልበምሽን እንደገና ከፈቱት። ይኸውልሽ ጥፋቴ እዚህ ላይ ሙሉ ሆነ። ሁሉም አለቀሱ። ፀጉር አስተካካዩ አውራ ጣቱን አፍንጫዬ ስር ቀስሮ አላወርድ አለ። ሒሳብ ሹሙ እንኳ ዓይኑን ጠረገ። ላንቺ ይሁን ለኔ እንዴት ልወቅ? እውነቱን ለደንቆሮ ለመናገር መጮኽ ያስፈልጋል፤ ለውሸት አንድ አውራ ጣት ይበቃል። ከእንግዲህ ስለ ድምፅሽ ማንም የሚነግረኝን አላምንም። በእጄ ያለው ምስክር አንድ ብቻ ነው፦ ልብስ ሰፊዋ እንባዋ መምጣቱን የነገረችኝ መደንቆሬን ሳታውቅ ነው። እሷም ብትሆን ለሳሙና ማስታወቂያ የምታለቅስ ሴት ናት።

የማውቀው ድምፅሽ ሳህን እያጠብሽ የምታንጎራጉሪው የልጅነቱ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ እሱ ብቻ ነበርና፣ ከክፍሌ ሳልወጣ አዳምጥሽ ነበር፤ እንደምሰማሽ ካወቅሽ ታቆሚያለሽ ብዬ። አንድ ቀን እንኳ «ደስ ይላል» አላልኩሽም፤ ሕጉ ይከለክል ነበራ! አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ ደጋግሜ ሳጫውተው እሱም እየተፋቀ ነው። የትናንቱ ከዛሬው ይሻል ነበር። ሲያልቅ ሌላ ቅጂ የለኝም።

ይቅር በዪኝ አልልም፤ ይቅርታሽንም መስማት ስለማልችል። አዳራሹን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል ብሎ ሹፌሩ ነግሮኛል፤ መልሰው ይሰጡሽ እንደሆነም አላውቅም። ግን የፈረደብሽ ሰው እንዳልነበረ እወቂ። በየትኛውም ጓዳ፣ ለየትኛውም አሥር ሰው ከዘፈንሽ እመጣለሁ፤ ጥሪም አልጠብቅም። ከዓምድ ኋላ አስቀምጪኝ። ፊቴን ማንም እንዳያየው፣ አንቺም ከመድረኩ ላይ ሆነሽ እንዳትፈልጊው። እኔም የሰዉን ፊት አላይም፤ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። ዘፈኑ አልቆ፣ ሰዉ አጨብጭቦ ጨርሶ፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ከወደ ኋላ ብቻውን የሚያጨበጭብ ሰው ከሰማሽ እኔ ነኝ። ማቆማቸውን የሚነግረኝ የለም።

ወንድምሽ፣
ዳኛ የነበረው