ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለተሰጠኝ ተሽከርካሪ ወንበር

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና በተለይም የጉልበትዎን ጤንነት እየተመኘሁ፣ ወገቤ የፈቀደልኝን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ከወገቤ በታች ያለው አካሌ በሰላምታው ስላልተሳተፈ ቅር እንዳይሰኙበት እለምናለሁ።

እኔ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቄ እግሮቼ ከከዱኝ ወዲህ ከታላቅ እህቴ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ የሕንፃው ሊፍት ከእኔ እግር ቀድሞ የሞተ ነው። ሆኖም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ሁለት ጎረቤቶቼ፣ አንዱ ሹፌር ሌላው ዳቦ ጋጋሪ፣ በየጠዋቱ ተቀባብለው አዝለው ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለችው ሱቄ ያደርሱኝ፣ ሲመሽም ይመልሱኝ ነበር። ሹፌሩ ደረጃው መሃል ላይ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬ ከበድ ብለዋል፤ እትዬ ምን አብልተውዎት ነው?» ይለኝ ነበር። እኔም ቀልዱን ብለምደውም እስቅለት ነበር።

ከተማችን በለጋስነቷ የምትኮራበት ሳምንት የዛሬ ሰባት ወር ሲደርስ፣ እርስዎ ከነፎቶ አንሺዎ ሃምሳ አራቱን ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው ተሽከርካሪ ወንበር ሰጡኝ፤ ጎረቤቱ በተሰበሰበበትም «ከዛሬ ጀምሮ በሰው ጀርባ መታዘል ቀረልዎት» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ምስጋናዬን እንደሚከተለው በዝርዝር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቃልዎ ጠብ አላለም። በማግሥቱ ለባብሼ እስከ አራት ሰዓት ብጠብቅ በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። እህቴ ወርዳ ዳቦ ጋጋሪውን ብትጠይቀው «ጋሼማ ወንበር ተሰጣቸው አይደል?» አላት፤ ክፋት ኖሮት አይደለም። ወገቡን ያመው እንደነበርም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ወገቡን የሚያመውን ሰው እንደገና እዘለኝ ለማለት አፍ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛ፣ ወንበሩ ግሩም ነው። ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱም እስከ አልጋዬ ያለ አንዳች እንቅፋት ይወስደኛል፤ ከዚያ ወዲያ ደረጃ ነው። በመስኮቱ ሱቄን አያታለሁ። ልብስ ሰፊዎቹ የተበላሸ መኪናቸውን ይዘው ይመጡና ቁልፉን አይተው ይመለሱ ነበር፤ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የሚወጣ የለምና አልፈርድባቸውም። ባለፈው ወር አከራዩ ሱቋን ለሞባይል ጠጋኝ ሰጣት። የእኔን ሰሌዳ ሲነቅሉ እዚሁ ወንበርዎ ላይ ተመቻችቼ ተመለከትኩ።

ሦስተኛ፣ በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ያለችው ባዶ ክፍል እንድትሰጠኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳመለክት ቆይቼ ነበር። ኮሚቴዎ ለእርዳታ ዕቃ መጋዘን አድርጎ እንደወሰዳት ስሰማ ለመልካም ሥራ በመዋሏ ደስ አለኝ። አሁን አሥራ አንድ ተሽከርካሪ ወንበሮች እንደሚኖሩባት ተነግሮኛል።

አራተኛውን ለመጻፍ ትንሽ አፍሬያለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ገበያ እንደሄደች ከወንበሩ ወርጄ በመቀመጫዬ ደረጃውን መንሸራተት ጀመርኩ። አሥራ ስምንት ደረጃ ወርጄ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ክርኔ ተልጦ፣ ሱሪዬ ተቀዶ ነበር፤ ደስታዬ ግን ወደር አልነበረውም። ጎረቤቶቼ ድምፅ ሰምተው ወጡ። «ምነው ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ወንበር እያለልዎ?» አለችኝ አንዲቱ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ሹፌሩ እየሮጠ መጥቶ እንደ ድሮው ጀርባውን ሰጠኝ። አንገቱን ስይዝ ልቤ ዘለለ፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ላይ አዞረ። «ወደ ታች ነው» አልኩት። «አይዞዎት፣ ደርሰናል» አለኝ። ወንበሩ ላይ መልሰው አስቀምጠው ጉልበቴን በብርድ ልብስ ሸፈኑልኝ፤ ዳግመኛ እንዳልወድቅ ብለውም በሩን ከውጭ ቆልፈው እህቴ ከገበያ ስትመለስ ቁልፉን አስረከቧት። ከመሰላሉ የወደቅኩ ዕለት አላለቀስኩም ነበር። በዚህኛው ቀን ግን አለቀስኩ፤ የምቆጣው ሰው አጥቼ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ክፍል እንድንለዋወጥ ብቻ ነው። እኔ ምድር ቤት ልግባ፣ አሥራ አንዱ ወንበሮች የእኔን ክፍል ይውሰዱ። እይታው ጥሩ ነው፤ እነሱ ደግሞ መውጣት አያምራቸውም።

በከተማችን ልግስና ከሚኮሩት ሁሉ ከፍ ብዬ የተቀመጥኩ፣ ውለታዎ እስከ ዛሬ ያልወረደልኝ፣

የሦስተኛ ፎቁ፣ የስፌት መኪና ጠጋኝ የነበርኩት

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ እህቴ እርስዎን ለማነጋገር አራት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥታ አራቱንም ጊዜ «ወጥተዋል» ተብላ ተመልሳለች። እርስዎ እኔን ፈልገው ቢመጡ ግን ማንም እንዲህ ብሎ እንደማይመልስዎት አረጋግጥልዎታለሁ።