አጎትሽ የነቀለው ችካል

ለልጄ ለእናትዓለም፣ ታሽኬንት

ክብራን ገብርኤል በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምሽ፤ የሰው አገሩን ብርድ ያቅልልሽ። እኛ ደኅና ነን። የአባትሽም ጉልበት ተሽሎት ፋብሪካ ገብቷል።

ሰሞኑን መራዊ ወርጄ አጎትሽን አዘዘን ጠየቅሁት። በደጁ ያለው ሸለቆ አሁን ውሃ ተኝቶበታል። ሁለቱ ኮረብታዎች ከሚቀራረቡበት ጠባብ ቦታ ላይ ገበሬ ማኅበሩ ሁለት በጋ ሙሉ አፈርና ድንጋይ ተሸክሞ ግድቡን ጨረሰው።

መጀመሪያ መሐንዲሶቹ ችካል ሲተክሉ፣ ሰዉ መሬት ሊደለደል መስሎት ነበር። አጎትሽም ድርሻዬ ይስፋልኝ ብሎ ከደጁ በታች ያለውን ችካል ነቅሎ ከቤቱ ጀርባ ሽቅብ ተከለው። በማግስቱ መሐንዲሱ አይቶ፣ «አባቴ፣ ችካሉ እኮ የውሃው ዳር ነው። እዚህ ከሆነማ ቤትዎ ሊሰጥም ነው» አለው። አዘዘ ችካሉን ነቅሎ ሮጠ፤ ከድሮው ቦታም አንድ ክንድ ዝቅ አድርጎ ተከለው። መሐንዲሱ እየሳቀ እንደገና ለክቶ ከትክክለኛው ቦታ መለሰው።

ዘንድሮ በግድቡ ውሃ በበጋ ድንች ተክሏል፤ ደስ ብሎታል። የገብስ ማሳው እኩሌታ ግን ከውሃው ሥር ቀርቷል፤ እሱን ሲያነሣ ድምፁ ዝቅ ይላል። አንቺም የምትማሪው ይህንኑ የግድብ ሥራ ነውና፣ ችካል ከመትከልሽ በፊት ለባለማሳው ንገሪው። ወፍራም ካልሲሽንም አትርሺ።

ውሃው ልክ ችካሉ ሥር መጥቶ ቆሟል። አጎትሽ አሁን ማንንም አያስነካም፤ «እናትዓለም መጥታ ልኩን ሳታይ አይነቀልም» ይላል። አልሳቅሁበትም። እኔም አልጋሽን ከነበረበት አላነሣሁትም።

ማርያም በደኅና ትመልስሽ። ቶሎ ጻፊልኝ።

እናትሽ አገርነሽ፣ ባሕር ዳር